ለዓለም አቀፍ ደኅንነት ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም አመራረጥ፦ ከወሎ ለሚያመለክቱ ምሩቃን የተዘጋጀ መመሪያ

ከወሎ ወይም ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ፣ በታሪክ፣ በሕግ ወይም በጂኦግራፊ ተመርቀው በዓለም አቀፍ ደኅንነት ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ የሚያስቡ ብዙ ወጣቶች ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ከዩኒቨርሲቲው ስም ወይም ከስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በዚህ ርእስ ሥር ከሚሰጡት ፕሮግራሞች አንዱ ጦርነትንና የኃያላን ፉክክርን፣ ሌላው ረሃብንና መፈናቀልን፣ ሦስተኛው ደግሞ የመረጃ ትንተናን የሚያስተምር ሲሆን፣ በዲግሪው ላይ የሚጻፈው ርእስ ግን ተቀራራቢ ነው። በመሆኑም አመልካቹ መጀመሪያ የራሱን ጥያቄ፣ ቀጥሎ የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር መርምሮ፣ ገንዘቡንና ሰነዱን ከዚያ በኋላ ቢያስከትል ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስቀምጡ

ለዚህ ሥራ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሠሩበት የሚፈቅዱትን ጥያቄ ይጻፉ። “የአፍሪካ ቀንድን ፖለቲካ ማወቅ እፈልጋለሁ” የሚል ዐረፍተ ነገር ለምርጫ አይረዳም፤ ሁሉም ፕሮግራም ይህን አሟላለሁ ሊል ይችላልና። ጥያቄው በቅርብ ከሚያውቁት ነገር ሲነሣ ግን ጥርት ይላል፤ ወሎም ለዚህ የሚሆን ጉዳይ አያጣም።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባውም ሆነ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣው ዕቃ ዕጣው ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ሰላም ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መክፈታቸው፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና በጅቡቲ የጦር ሰፈር መያዛቸው፣ ኢትዮጵያ የባሕር በር ጥያቄ ማንሣቷ ሁሉ በዚሁ መንገድ ጫፍ ላይ የሚገናኙ ጉዳዮች ናቸው። የሚያሳስብዎት ይህ ከሆነ የሚያስፈልግዎ የስትራቴጂና የባሕር ደኅንነት ትምህርት ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ የሚመራው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይንር፣ እህልም ከጠቅላይ ግዛቱ እየተጫነ ሲወጣ፣ ገበሬው መግዣ በማጣቱ መራቡ፣ ረሃብ የግድ ከእህል እጥረት ብቻ እንደማይመጣ ለማስረዳት በዓለም ደረጃ ሲጠቀስ የኖረ ማስረጃ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት ያስተዋወቀው የሰብአዊ ደኅንነት አስተሳሰብ፣ ምግብን፣ ጤናንና አካባቢን ከድንበር ጥበቃ እኩል የደኅንነት ጉዳይ ያደረገው እንዲህ ያለውን ችግር ለማየት ነው። በቅርቡ ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉትን ሰዎች ጉዳይ ለማጥናት የሚያስብ ሰውም መነሻው እዚሁ ላይ ይሆናል።

በግጦሽና በውኃ ምክንያት በአፋርና በወሎ አዋሳኝ ቀበሌዎች የሚነሣውን ግጭት፣ አበጋር የሚባሉት የአገር ሸምጋዮችም የሚያደርጉትን ሽምግልና ማጥናት የሚሻ አመልካች የሰላምና የግጭት ጥናት ቢመርጥ ይሻለዋል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል መመታቱን አንብቦ በጦርነት ጊዜ ሕግ ማን ይጠብቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ፣ ዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሕግ በሰፊው የሚሰጥበትን ክፍል ይፈልግ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄዎ ከየትኛው የትምህርት ወገን እንደሚገጥም ይለዩ

የደኅንነት ጥናት አንድ ወጥ መስክ አይደለም። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የጦርነት ጥናት ክፍል ታሪክን፣ ስትራቴጂንና የጦር ኃይል አጠቃቀምን መሠረቱ አድርጎ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በዓለም የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ክፍል የተቋቋመበት የዌልሱ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ “ደኅንነቱ የማን ነው?” ብሎ መንግሥትን ሳይቀር ለሚጠይቀው ሂሳዊ ወገን መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። የኮፐንሃገን ወገን የሚባለው ደግሞ የሚያጠናው አንድ ጉዳይ በንግግርና በውሳኔ እንዴት “የደኅንነት ስጋት” ተብሎ ከተራው ፖለቲካ በላይ እንደሚደረግ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የግጭት ምርምር ክፍል በቁጥር ላይ የተመሠረተ ምርምርን ያስቀድማል፤ የሚያዘጋጀው የግጭት መረጃ ቋት በዓመት ቢያንስ 25 ሰዎች በውጊያ የሞቱበትን ግጭት የሚመዘግብ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ከአገር ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ጎልቶ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በባሕር ዳር ሲካሄድ የቆየው የጣና ፎረም ከዚሁ ተቋም ጋር የተያያዘ ነው። ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በአንድ ከተማ መሆኑ ብቻውን ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት የሚሰበሰበው፣ የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። በውጭ አገር የተማረ ሁሉ የተሻለ ተምሯል የሚለው አስተያየት፣ ርእሳቸው የአፍሪካ ኅብረት አሠራር ለሆነ ተማሪዎች ፈጽሞ አይሠራም። ጋና አክራ ያለው የኮፊ አናን የሰላም ማስከበር ማሠልጠኛ ማዕከልም ሁለተኛ ዲግሪ ስለሚሰጥ ከዝርዝርዎ ባይጎድል መልካም ነው።

ደረጃ 3፦ የኮርስ ዝርዝሩን እንደ ውል ያንብቡ

ብዙ ጊዜ መውሰድ ያለብዎት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። የፕሮግራሙ መግቢያ ገጽ ማስታወቂያ ስለሆነ በፍጥነት ይለፉትና የኮርሶቹን ዝርዝር ይክፈቱ። በመጀመሪያ የግዴታ ኮርሶችን ከምርጫ ኮርሶች ለይተው ይጻፉ። ዩኒቨርሲቲው ምን ማስተማር እንደሚፈልግ የሚናገሩት ግዴታዎቹ ናቸው፤ የምርጫዎቹ ዝርዝር አርባም ይሁን አምሳ ሊወስዱ የሚችሉት ግን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ከእነሱም መካከል መምህሩ ለምርምር እረፍት በመውጣቱ በዚያ ዓመት የማይሰጡ አሉ። ስለ አፍሪካ የሚያወራ አንድ የምርጫ ኮርስ ብቻ ይዞ ራሱን ለአፍሪካ ተማሪዎች የተመቸ አድርጎ የሚያቀርብ ፕሮግራም ካገኙ፣ ያ ኮርስ ባለፉት ሁለት ዓመታት በእርግጥ ተሰጥቶ እንደሆነ በኢሜይል ይጠይቁ።

ቀጥሎ የምርምር ዘዴ ኮርሱን ይመልከቱ። የስታትስቲክስ ትምህርት አለው? የቃለ መጠይቅ፣ የማኅደር ሰነድ አጠቃቀምና የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠናስ? የምርምር ዘዴን በአንድ ሳምንት ሴሚናር ብቻ የሚያልፍ ፕሮግራም ለዲፕሎማሲ ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ወይም በቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋማት መረጃ ተንታኝ ለመሆን ለሚያስብ ሰው ግን ጉድለት ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሆኖ ለመመለስ የሚያስብ አመልካችም ይህን ነጥብ ችላ ሊለው አይገባም፤ ሲመለስ የተማሪዎችን ጽሑፍ የሚያማክረው እሱ ነውና።

ሦስተኛው ነገር የመመረቂያ ጽሑፉ ክብደት ነው። በእንግሊዝ የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው 180 ክሬዲት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60ው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፤ ይህም ሲሶ ነው። በሌላው አውሮፓ የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም በአውሮፓ ክሬዲት አቆጣጠር 120 ሲሆን ጽሑፉ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት ይይዛል። የእንግሊዙ 180 በአውሮፓው አቆጣጠር 90 ገደማ መሆኑን ይወቁ፤ አንዳንድ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች ሙሉውን 120 ስለሚጠይቁ የአንድ ዓመቱ ዲግሪ ኋላ ሊያጥር ይችላል። ከጽሑፍ ይልቅ የፖሊሲ ሰነድ ወይም የቡድን ፕሮጀክት አቅርቦ መመረቅ የሚፈቅዱም አሉ፤ ለሥራ ሰው ይመቻሉ፤ ለምርምር ለሚሄድ ሰው አልመክራቸውም።

በመጨረሻ የመምህራኑን ስም ከኮርሱ ጎን ይጻፉና የቅርብ ጊዜ ጽሑፎቻቸውን ይፈልጉ። በገጹ ላይ የሚታየው ታዋቂ ፕሮፌሰር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪን የማያስተምር፣ ወይም ጡረታ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎን ሊያማክርዎ የሚችል ቢያንስ ሁለት መምህር የሌለበትን ክፍል፣ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን፣ ከዝርዝርዎ ያውጡት፤ ሁለት ያልኩበትም ምክንያት አንዱ ሊለቅ ስለሚችል ነው።

ደረጃ 4፦ ዲግሪው የሚያደርስበትን ሥራ ይመርምሩ

የመረጃና የስለላ ጥናት የሚል ርእስ ያላቸው ፕሮግራሞች ወጣቶችን አጥብቀው ይስባሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሰላይ አያሠለጥኑም፤ የመረጃ ተቋማትን ታሪክ፣ የትንተና ስሕተትንና የቁጥጥር ሕግን የሚያስተምሩ የአካዳሚ ትምህርቶች ናቸው። የምዕራባውያን የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በመሠረቱ የሚቀጥሩት የራሳቸውን ዜጋ ስለሆነ፣ የክፍል ጓደኞችዎ የሚገቡበት በር ለእርስዎ ዝግ ሊሆን ይችላል። ትንተናው በራሱ የሚፈልጉት ሙያ ከሆነ ግን ባንኮች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የአደጋ ስጋት አማካሪ ኩባንያዎች ስለሚፈልጉት ትምህርቱ ከንቱ አይቀርም።

የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለልምምድ ሠራተኞች ደመወዝ እንደማይከፍልም አስቀድመው ይወቁ። ኒው ዮርክ ወይም ጄኔቫ በራስ ወጪ ለወራት መቆየት ለብዙ የወሎ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። የልምምድ ጊዜን በትምህርቱ ውስጥ አካቶ ወጪውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ የሚደረግ ልምምድ፣ በተግባር የበለጠ ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ በመስክ ጥናት ላይ ያለውን ገደብ አስቀድመው ይጠይቁ

ይህን ነጥብ አመልካቾች የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ ከተመዘገቡ በኋላ ነው። በተለይ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን የመስክ ጉዞ የሚፈቅዱት በአገራቸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ማስጠንቀቂያና በኢንሹራንስ ውላቸው መሠረት ነው። ማስጠንቀቂያው የአማራን ክልል ወይም ከፊሉን ካካተተ፣ ተወልደው ባደጉበት በደሴ ወይም በወልድያ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ሊከለከሉ ይችላሉ። ወላጆችዎን ለመጠየቅ መምጣት አንድ ነገር ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ስም መረጃ መሰብሰብ ሌላ ነው። ስለዚህ የመስክ ጥናቱ ባይፈቀድ ጥያቄዎ በማኅደር ሰነድ፣ በስልክ ቃለ መጠይቅ ወይም በግጭት መረጃ ቋት ሊመለስ ይችል እንደሆነ ከአሁኑ ያስቡ። የሰዎችን ደኅንነት አደጋ ላይ የማይጥል የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ማቅረብም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሚጠይቃቸው ነገሮች ዋነኛው ነው፤ በጦርነት ባለፈ አካባቢ ደግሞ ይህ የወረቀት ሥርዓት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡን ያስሉ

ለኢትዮጵያውያን ክፍት ከሆኑት መካከል የእንግሊዝ መንግሥት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ በዚህ መስክ ብዙ የሚፈለግ ነው። ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት ኮርስ አስመርጦ ያስመለክታል፤ ከትምህርቱ በኋላም ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየትን ያስገድዳል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ በሰኔ የተመረቀ አዲስ ምሩቅ ግን የሥራ ልምዱ ስለማይኖረው ጊዜውን ባያባክን ይሻላል።

የአውሮፓ ኅብረት የኤራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ በአንጻሩ ለአዲስ ምሩቅም ይመቻል። በዚህ ሥር የሚሰጠውና የግላስጎው፣ የደብሊን ሲቲ፣ የትሬንቶና የፕራግ ቻርለስ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ሲያካሂዱት የቆዩት የደኅንነት፣ የመረጃና የስትራቴጂ ጥናት ፕሮግራም ሁለት ዓመት የሚፈጅና ከአገር አገር እየተዘዋወሩ የሚማሩበት ነው። ስኮላርሺፑን ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ በወርም 1,400 ዩሮ ያገኛል። መዘዋወሩ ብዙ መምህራንን ለማወቅ ይረዳል፤ ሆኖም በየአገሩ አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለና ሰነድ መያዝ ለሚሰለቸው ሰው ፈተና ነው።

ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። “ነጻ ነው” ሲባል ግን ለቪዛ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማስቀመጥ የሚጠበቀውን የኑሮ ወጪ አይርሱ፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ስኮላርሺፕ ሳይኖር በቅበላ ደብዳቤ ብቻ ተማምኖ ቤት ወይም መሬት መሸጥን አልመክርም።

ደረጃ 7፦ ሰነድዎን ከደሴ ሆነው ያዘጋጁ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። ለማመልከት ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ የመጨረሻው ቅበላ ግን በኦፊሻሉ ስለሚጸና ዕዳውን የመክፈሉን ነገር እስከ ሐምሌ አያቆዩት። ሰነድ ማረጋገጡ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ሊሆን ስለሚችል፣ ፓስፖርቱን፣ የቋንቋ ፈተናውንና ማረጋገጫውን በአንድ ጉዞ እንዲያልቁ አድርገው ቀጠሮ ይያዙ፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በየሳምንቱ መመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይጨርሳል፤ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

አይልትስ (IELTS) የተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በዚህ መስክ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ6.5 እስከ 7 ውጤት ይጠይቃሉ፤ በእንግሊዝኛ መማርዎን የሚገልጽ የሪጅስትራር ደብዳቤ የሚቀበሉም አሉና ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ከቤት ሆነው በኢንተርኔት የሚወስዱት ፈተና ርካሽ ቢሆንም መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ቢቋረጥ ውጤቱ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ደሴም ሆነ ወልድያ ላይ ሆኖ መሞከር አስተማማኝ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ማመልከቻውን ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ ሳምንት ቀድመው ይላኩ። በዲግሪው ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጅ ሲያዞሩም በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት ቀን መጻፍዎን ያረጋግጡ። የስም አጻጻፉም እንደዚሁ ነው፤ “መሐመድ” በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈ ማስተካከያው ወራት ሊወስድ ይችላል።

አዲስ አበባን የመረጡ አመልካቾች የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን መውሰድ ስለሚኖርባቸው የምዝገባ ማስታወቂያውን በቅርብ ይከታተሉ። በዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ የትምህርት ፈቃድና የአገልግሎት ውሉን ከማመልከትዎ በፊት ያንብቡ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ የውጭ ዲግሪ ያማረዎት እንደሆነም፣ ሲጨርሱ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ የተማሩትን ይጠይቁና ይወስኑ

ዝርዝርዎ ወደ አራት ወይም አምስት ፕሮግራም ሲወርድ፣ ከእያንዳንዱ በቅርብ የተመረቀ አንድ ሰው፣ ከተቻለም አፍሪካዊ፣ ፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ አማካሪዎን በስንት ጊዜ አንዴ ያገኙ ነበር? ቃል ከተገባው ኮርስ ያልተሰጠ አለ? ከተመረቁ በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ በምን መንገድ አገኙ? “ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ነው ወይ?” የሚል ጥያቄ በጨዋነት “አዎ” ብቻ ያስመልሳል።

ለመምህር የሚጽፉት ኢሜይል ደግሞ ከስምንት መስመር አይብለጥ። ማን እንደሆኑ፣ ጥያቄዎ ምን እንደሆነ፣ ከእሳቸው የትኛው ጽሑፍ ጋር እንደሚገናኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያማክሩ እንደሆነ ብቻ ይጻፉ። ረጅም ሰላምታና ሙገሳ በአማርኛ ደብዳቤ ያምር ይሆናል እንጂ እዚያ ሳይነበብ ይታለፋል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

ሁለት ቅበላ በአንድ ጊዜ ካገኙ በደረጃ 1 የጻፉትን ገጽ አውጥተው፣ ለጥያቄው የሚቀርቡትን የግዴታ ኮርሶች በየፕሮግራሙ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ እኩል ቢሆን ሙሉ ወጪ የሚሸፍነውን ይምረጡ፤ ወጪውም እኩል ቢሆን አማካሪው በስም የታወቀበትን። የማስያዣ ክፍያ የሚጠይቀውን ዩኒቨርሲቲ የስኮላርሺፑ ውጤት እስኪታወቅ ጊዜ እንዲያራዝም በጽሑፍ ይለምኑ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። የማይሄዱበትንም ፕሮግራም ወዲያው ያሳውቁ፤ በተጠባባቂነት የተመዘገበ ሌላ አመልካች ቪዛ ለማውጣት ጊዜ የሚያገኘው እርስዎ ቦታውን ቶሎ ሲለቁለት ነው።